ወንድሜ ከማረሚያ ሊወጣ 7 ሳምንት ቀረው፣ ከየት ልጀምር?

@ታላቋ
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ታናሽ ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው፣ የገባው 14 እያለ ነው። ምን አድርጎ እንደገባ አልጽፍም፣ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ብቻ ልንገራችሁ። ሊወጣ 7 ሳምንት ቀርቶታል።

ባለፈው ሳምንት ደውለው «የመውጫ ዕቅድ የሚባል ስላለ ቤተሰብ መጥቶ ይፈርም» አሉን። ሄድን። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። «መኖሪያ፦ ከቤተሰብ ጋር። ትምህርት፦ ይቀጥላል። ክትትል፦ ይደረጋል።» በቃ ይሄው ነው። እናቴ ፈረመች። እኔ ግን ስንመለስ መንገድ ላይ ወረቀቱን ደጋግሜ ሳነበው ከነከነኝ። ይቀጥላል ያሉት የት ነው የሚቀጥለው? ማን አስመዝግቦት? ድሮ ይተኛበት የነበረው ክፍል ውስጥ አሁን ትንንሾቹ ናቸው ያሉት፣ የእሱ አልጋ ከተሸጠ ዓመት አልፎታል።

እናቴ «ብቻ ይውጣልኝ፣ ሌላው ቀላል ነው» ትላለች። አባቴ ስለ እሱ ጭራሽ አያወራም፣ ስሙ ሲነሳ ከክፍሉ ይወጣል። እናም ነገሩ እኔ ላይ ወድቋል። 23 ዓመቴ ነው፣ ሥራ ውዬ ማታ ነው የምገባው። ያለፈበት ሰው ካለ ከየት ልጀምር?

@ጡረተኛው
ልጄ፣ በዕድሜ ስለምበልጥሽ እንዲህ ብልሽ አትቀየሚኝ። 22 ዓመት እንዲህ ያለ ተቋም ውስጥ ሶሻል ወርከር ነበርኩ። ያንን ወረቀት አውቀዋለሁ፣ እኔም ስንቱን ሞልቼዋለሁ። የሚሞላው ለፋይሉ ነው። ተቆጣጣሪ ይመጣና «የመውጫ ዕቅድ አላቸው?» ይላል፣ እናሳየዋለን፣ ምልክት አድርጎ ይሄዳል። ልጁ ደግሞ የዚያኑ ሰሞን ተመልሶ ይመጣል።

ዕቅዱ መጀመር የነበረበት እሱ በገባ ሳምንት ነው። ትምህርቱን የት እንዳቆመ፣ ማን እየመጣ እንደሚጠይቀው፣ ምን ቶሎ እንደሚያስቆጣው፣ ቤት ውስጥ ከማን ጋር እንደሚጋጭ ያኔ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ አሁን አንቺ አትጨነቂም ነበር። አልተደረገም። ቢሆንም 7 ሳምንት ትንሽ አይደለም። ልጃቸው እንደሚፈታ በዋዜማው የሚሰሙ ስንት ቤተሰቦች አይቻለሁ መሰለሽ።

አሁን ደብተር አውጪ። የሚወጣበትን ቀንና ከዚያ በኋላ ያሉትን 3 ቀናት በሰዓት በሰዓት ጻፊ። በር ላይ ማን ይቀበለዋል? በስንት ሰዓት? ምን ለብሶ ይወጣል? ማታ የት ይተኛል? በማግስቱ ሁላችሁም ሥራና ትምህርት ስትሄዱ እሱ ብቻውን ምን ሲያደርግ ይውላል? መልስ ያጣሽለት ቦታ ላይ ክብ አድርጊበት። ከእሱ ትጀምሪያለሽ።

ምን ለብሶ ያልኩት ለቀልድ አይደለም። አንድ ልጅ ነበረን፣ 13 ዓመቱ ላይ ገብቶ 15 አልፎት ወጣ። የመፈቻው ቀን ንብረት ክፍል ሲገባ የለበሰውን ልብስ በፌስታል አምጥተው ሰጡት። ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቀረ። ጫማው እምቢ አለ። ሌላ ስላልነበረ የጫማውን ተረከዝ ረግጦ፣ እንደ ነጠላ ጫማ እየጎተተ ሰፈሩ ገባ። ከወራት በኋላ ሳገኘው ስለዚያ ቀን የነገረኝ ይሄንኑ ብቻ ነው፣ ሰው ሁሉ እግሬን ያየኝ ነበር አለኝ። እኛ እኮ በዚያ ቀን ፋይሉን «በመልካም ሁኔታ ተሸኝቷል» ብለን ዘግተነዋል።

@ዝምተኛ_አንባቢ
የጫማው ነገር ልቤን ነካው። ቀጥሉ፣ እየተከታተልኩ ነው።

@አንቀጽ_በአንቀጽ
ጡረተኛው የነገሩን የልብስ ጉዳይ ደንብ ላይም አለ፣ የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1990 ነፃነታቸውን ያጡ ታዳጊዎችን ስለመጠበቅ ያወጣቸው ደንቦች አሉ፣ ባለሙያዎች የሃቫና ደንቦች ይሏቸዋል። ደንብ 80 ላይ የሚመለከታቸው ባለሥልጣናት ታዳጊው ሲወጣ በተቻለ መጠን መኖሪያ፣ ሥራ፣ ልብስና ለጊዜው ራሱን የሚያኖርበት መተዳደሪያ እንዲያገኝ ማድረግ እንዳለባቸው ተጽፏል። ልብስ ተብሎ በስሙ! ያንን አንቀጽ ያረቀቀው ሰው እንዲያ ያለ ሱሪ አይቶ መሆን አለበት ብዬ አስባለሁ።

ለአንቺ የሚጠቅሙ ሌሎችም አሉ። ደንብ 40 ልጁ ውስጥ ሆኖ የተማረበት ሰርተፊኬት እዚያ መቆየቱን በምንም መልኩ እንዳያሳይ ይላል። እና ከመውጣቱ በፊት የውጤት ወረቀቱን ጠይቂና አርዕስቱንና ማኅተሙን እዪ፣ የማረሚያው ስም ካለበት በትምህርት ቢሮ በኩል እንዲቀየር አሁኑኑ ተሟገቺ፣ ከወጣ በኋላ ማንም አይሰማሽም። ደንብ 19 ሲወጣ ፋይሉ እንዲታሸግ፣ በጊዜውም እንዲወገድ ይጠይቃል። ደንብ 60 ደግሞ የጥየቃ ነገር ነው፤ በመርህ ደረጃ በሳምንት አንዴ፣ ቢያንስ ግን በወር አንዴ።

ሳልዋሽሽ፣ እነዚህ ደንቦች እንደ ስምምነት አስገዳጅ አይደሉም። አስገዳጁ እ.ኤ.አ. የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ስምምነት ነው። አንቀጽ 37 እስር የመጨረሻ አማራጭና ለአጭር ጊዜ እንዲሆን ያዛል፣ አንቀጽ 40 ደግሞ ልጁ ተመልሶ ከኅብረተሰቡ ጋር እንዲቀላቀልና ጠቃሚ ሰው እንዲሆን ታስቦ እንዲያዝ። ቢሮ ስትሄጂ ግን አንቀጽ እየጠቀስሽ አትጩሂባቸው። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈሽ፣ በትሕትና «ይቺን ነገር እንዴት ነው የምትፈጽሟት?» በያቸው። የተሻለ ይሠራል።

@የወጣ_ሰው
እኔ 17 ዓመቴ ላይ ወጣሁ። አሁን 31 ነኝ፣ ቤተሰብ አለኝ፣ የማውቃቸው ሰዎች ስለማያውቁ ስሜን አልጽፍም።

እህቴ፣ ሁለት ነገር ልንገርሽ። አንደኛው፣ ቤት ባደርኩ በመጀመሪያው ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ነቃሁ። ብርድ ልብሱን አጠፍኩ፣ ጠርዝ ከጠርዝ አስተካከልኩ፣ አልጋዬ ግርጌ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ቆጠራ እየጠበቅኩ ነበር። ማንም እንደማይቆጥረኝ አውቃለሁ እኮ፣ ግን እግሬ አይቀመጥም። እናቴ ተነስታ እንደዚያ ቆሜ አገኘችኝና «ምን ሆነሃል?» አለች፣ ደንግጣ። «ምንም» አልኳት። ከዚያ ቀን በኋላ ስነቃ አልጋ ውስጥ ሆኜ የተኛሁ እመስላለሁ። ማለቴ፣ ማስመሰል የጀመርኩት ቤት በገባሁ በማግስቱ ነው። ይሄ ነገር የወር ወይም የሁለት ወር ጉዳይ ነው፣ ያልፋል፣ ግን «ምን ሆነሃል» አትበሉት። በሩንም አንኳኩታችሁ ግቡ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በሩን ሌላ ሰው ነው የከፈተበት።

ሁለተኛው ጓደኞች። የወጣሁ ቀን ዘመድ ሁሉ ቤት ተሰብስቦ ነበር። ሁሉም በየተራ መከረኝ። ሁሉም። አሥር ሰው አንድ ዓይነት ምክር ሰጥቶኝ ሄደ፣ በማግስቱ ግን ማንም አልነበረም። በማግስቱ የመጡት የድሮ ጀለሶቼ ናቸው። አልመከሩኝም። ስልክ ሰጡኝ፣ ሲም ካርድ ያለበት፣ አገልግሎ የማያውቅ። ከቤተሰቤ ውስጥ ስልክ እንደሚያስፈልገኝ ያሰበ ሰው አልነበረም። ከዚያ ስልክ ጋር አብሮ ምን እንደሚመጣ አውቅ ነበር፣ ተቀበልኩት። ሰው የሚፈልገው ሰው እንዳለ ሲሰማው ደስ ይለዋል፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። በ5 ወሬ ተመልሼ ገባሁ።

ስለዚህ ዘመድ አትሰብስቡ። ስልክ ደግሞ አንቺ ግዢለት፣ በመጀመሪያው ቀን።

@ቀጥ_ያለ
ሁላችሁም ስታባብሉት ነው የማየው። ልጁ ጥፋት ሠርቶ ነው እኮ የገባው። ቤት አስገብታችሁ ከትምህርት ቤት ውጪ ንቅንቅ አይበል። ስልክ ምን ያደርግለታል? አንዴ አዋቂዎቹ ያሉበት እስር ቤት ወስዳችሁ አሳዩት፣ ቀጥሎ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ይወቅ። ድንጋጤ ያስተካክላል።

@የወጣ_ሰው
@ቀጥ_ያለ ወንድሜ፣ እኔን ወስደው አሳይተውኛል። እዚያ የሰፈሬን ትልልቅ ልጆች አገኘኋቸው። ከበሩ ሆነው በስሜ ጠሩኝ። ያን ቀን የተሰማኝ ድንጋጤ እንዳይመስልህ።

@ቁጥር_ወዳድ
ድንጋጤው ተሞክሯል @ቀጥ_ያለ። አሜሪካ ውስጥ ታዳጊዎችን እስር ቤት ወስዶ ማስፈራራት ለዓመታት ፋሽን ነበር። የተደረጉት ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ ያንን ያዩት ልጆች ካላዩት ይልቅ የበለጠ ሲያጠፉ ተገኙ። ዋጋ ቢስ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፣ የሚጎዳ ሆኖ ነው የተገኘው።

ረዘም ላለ ጊዜ ማቆየትም እንደዚያው ነው። እዚያው አሜሪካ ውስጥ በሁለት ከተሞች አካባቢ ከባድ ጥፋት የፈጸሙ 1,354 ታዳጊዎችን ለ7 ዓመት የተከታተለ ትልቅ ጥናት አለ። ብዙዎቹ እያደሩ ጥፋቱን ቀንሰውታል። ውስጥ ብዙ መቆየታቸው ግን ሲወጡ ዳግም እንዳያጠፉ አላደረጋቸውም። ስለ ጓደኛ @የወጣ_ሰው ያለውም እንዲሁ በቤተ ሙከራ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ሥራ ጋርድነርና ስታይንበርግ የመኪና መንዳት ጨዋታ ሰጥተው ከፊሎቹን ሰዎች ብቻቸውን፣ ከፊሎቹን ጓደኛ እያያቸው አጫወቱ። ጎረምሶቹ ጓደኛ ሲያያቸው በጣም ደፈሩ። 24 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት ጓደኛ ኖረም አልኖረ ያው ናቸው። አንድ ልጅ ብቻውን ሲሆን የሚያስበውና ሦስት ሆነው ጥግ ላይ ሲቆሙ የሚያስበው ለየቅል ነው ማለት ነው።

ግን ለሁሉም ወገን አንድ የማይጥም ነገር ልጨምር። እዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አልትሹለርና አርምስትሮንግ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በጣም የተሟላ ፕሮግራም ቀርጸው ነበር፤ ውስጥ እያለ ማዘጋጀት፣ ከዚያ የመሸጋገሪያ ጊዜ፣ ከዚያ ውጭ ረጅም ክትትል። ኮሎራዶ፣ ኔቫዳና ቨርጂኒያ ውስጥ ተሞከረ። ሲለካ ፕሮግራሙ ውስጥ የነበሩትና ያልነበሩት ልጆች ዳግም በማጥፋት ብዙም አልተለያዩም። ስለዚህ ወረቀት ላይ ያማረ ዕቅድ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ይሄን የምለው ተስፋ ላስቆርጥሽ አይደለም @ታላቋ፣ አንድ ቀን ቢያንሸራትተው ጥፋቱ የእኔ ነው እንዳትዪ ነው።

@ተዘርፌያለሁ
ክሩን ሙሉውን አነበብኩት። ከዓመታት በፊት ቤቴ በሌሊት ገብቶ የዘረፈኝ ልጅ 15 ዓመቱ ነበር። ሚስቴ እስካሁን መስኮት ሳትፈትሽ አትተኛም። ልጁ መውጣቱን የሰማሁት መንገድ ላይ ሲያልፍ አይቼው ነው። ማንም አልነገረኝም። ስለ እሱ ልብስና ጫማ ያሰበ ሰው አለ፣ ስለ እኛስ? ለክፋት አይደለም የምጠይቀው።

@ታላቋ
@ተዘርፌያለሁ ትክክል ነህ፣ ምንም የምመልሰው የለኝም። ወንድሜ የጎዳቸው ሰዎች ከእኛ ቤት 10 ደቂቃ ነው የሚኖሩት። ዕቅዱ ላይ ስለ እነሱ አንድም ቃል የለም፣ እኔም እስካሁን አላሰብኩትም ነበር። ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ? ወይስ እሱ ሲወጣ ይዤው ልሂድ?

@ተዘርፌያለሁ
አይ፣ ይዘሽው እንዳትመጪ! ያ ልጅ ሳላስበው በሬን ቢያንኳኳ ምን እንደማደርግ አላውቅም። መጀመሪያ ሰው ይላክ፣ እናንተን የማይወግን ሰው። የሚወጣበትን ቀን ይንገረን። በየትኛው መንገድ እንደሚመላለስ ይንገረን። ልናየው እንፈልግ እንደሆነ እኛን ይጠይቀን። አንፈልግም ካልን ያ መልስ ነው፣ በዚያው ይብቃ።

@ጡረተኛው
እግዜር ይስጥልኝ @ተዘርፌያለሁ። 22 ዓመት ሙሉ ይሄን አንድ ቀን በትክክል አልሠራነውም። ኒውዚላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በሕግ የቤተሰብ ጉባኤ የሚባል አሠራር አለ፤ ልጁ፣ ቤተሰቡ፣ ከፈለገ የተጎዳው ሰውም ባለበት ተቀምጠው የሚደረገውን ይነጋገራሉ። ከፈለገ የምትለዋን ቃል ያዢልኝ ልጄ። ይቅርታ ለልጁ ማለፊያ ፈተና ሲደረግ የተጎዳውን ሰው ሁለተኛ መዝረፍ ነው።

@ጠመኔ
አስተማሪ ነኝ፣ ስለ ትምህርቱ ልናገር። «ይቀጥላል» የምትለዋ ቃል ስንት ልጅ እንዳስቀረች እኔ ነኝ የማውቀው።

ሦስት ቦታ ላይ ነው የሚሰበረው። በመጀመሪያ የሚወጣበት ቀን ከትምህርት ዘመኑ ጋር አይገጥምም። በመንፈቅ አጋማሽ ይወጣል፣ ርዕሰ መምህሩ «በሚቀጥለው ዓመት ይምጣ» ይላል፣ እና ወራት ሙሉ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ከዚያ ውስጥ የተማረው አይቆጠርለትም፣ 16 ዓመት የሆነው ጎረምሳ ከ13 ዓመት ልጆች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣል፣ በሁለተኛው ሳምንት ይቀራል፣ ማን ይፈርድበታል? ሦስተኛው ወሬ ነው። እሱ ከመድረሱ በፊት ታሪኩ ደርሶ ይጠብቀዋል፣ ብዙ ጊዜ ከአስተማሪዎች አፍ፣ አፍራለሁ ስናገረው።

አንቺ አሁን ሄደሽ ርዕሰ መምህሩን ብቻ ሳይሆን አንድ አስተማሪ ፈልጊ። አንድ ብቻ። ታሪኩን ያ ሰው ይወቅ፣ ሌላው አይወቅ። ከተቻለ ከመውጣቱ በፊት በስልክ ያውሩ። የመጀመሪያ ቀን በር ላይ ያ ሰው ይቀበለው። ሌላው ደግሞ የክትትል ቀጠሮው። አመክሮ ላይ ከሆነ ቀጠሮ ይሰጡታል፣ ሁልጊዜ በሥራ ሰዓት ነው፣ ማለትም በትምህርት ሰዓት። አንድ ተማሪዬ ለክትትል እየተባለ በየሳምንቱ ያንኑ ክፍለ ጊዜ ይቀር ነበር፣ ፈተናው ላይ ወደቀ፣ መውደቁ ደግሞ «የትምህርት ግዴታውን አልተወጣም» ተብሎ ተጻፈበት። ሁለቱም ወገን ሕጉን ነው ያከበሩት!

@እናት_ነኝ
እህት፣ አባትሽን አትርሺው። የእኔ ባል እንደዚያው ነበር፣ ልጄ በገባች ጊዜ 8 ወር አላናገራትም። ንዴት መስሎን ነበር። ንዴት አልነበረም፣ ሐፍረት ነው። ሰፈር ሰላም ማለት አቁሞ ነበር እኮ። ልጅቷ ስትወጣ ዝም ያለ አባትና የምታለቅስ እናት መሀል ተቀመጠች። አባትየውን ስለ ጥፋቱ አታዋሩት፣ የሚሠራው ነገር ስጡት። ወንዶች እጃቸው ሥራ ሲይዝ አፋቸው ይፈታል፣ ቢያንስ የእኔው።

ሌላ፣ ሴት ልጆች ያሏችሁ ይሄን ክር የምታነቡ ካላችሁ፣ «ከቤተሰብ ጋር» የሚለው መስመር ሁልጊዜ ደግ አይደለም። ከልጄ ጋር ከነበሩት ውስጥ የመጀመሪያው ጥፋታቸው ከቤት መጥፋት የሆነ ነበሩ። ከምን እንደጠፉ የጠየቀ የለም። ሲፈቱ ወደዚያው ቤት ነው የተላኩት። ልጅቷ ዕቅዱ ሲጻፍ ብቻዋን፣ ቤተሰብ በሌለበት «መመለስ ትፈልጊያለሽ?» ተብላ መጠየቅ አለባት።

@ቀጥ_ያለ
እሺ፣ ስለ እስር ቤቱ ጉብኝት ያልኩትን አንስቻለሁ። ግን ሕግ የሌለበት ቤት ይሁን ነው የምትሉት?

@የወጣ_ሰው
ኧረ ሕግ ይኑር! እኔ ውስጥ የለመድኩት ሕግ ነው፣ ሕግ የሌለበት ቤት ጭንቅ ነው የሚለቅብኝ። ግን ሦስት ይሁኑ። ማታ በስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ ሲያመሽ ለማን እንደሚደውል፣ ሌላ አንድ ደግሞ ራሱ ይምረጥ። ለእኔ 20 ነገር ነበር የጻፉልኝ፣ 4ኛውን ስጥስ ሌላውን መጠበቅ ተውኩት። ደግሞ ሲጥስ ምን እንደምታደርጉ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ እሱም ባለበት። አንድ ሌሊት ሳይመጣ ያድራል። ሁሉም ያድራል። ያን ሌሊት «አለቀለት» ብላችሁ ከወሰናችሁ በማግስቱ ቢመጣም ለእሱ በሩ ተዘግቷል።

@ታላቋ
ከ3 ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ምን ያህል እንደጠቀማችሁኝ አታውቁም።

ደብተሩን ሠራሁ። ክብ ያደረግኩባቸው 9 ነበሩ። አልጋ ተገኘ፣ ከአክስቴ ቤት። ትንንሾቹ ወደ እኔ ክፍል መጡ፣ እኔ ተናደድኩ፣ አለፈ። ትምህርት ቤት ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፣ በሦስተኛው አንዲት የሒሳብ መምህር «እኔ ጋ ይሁን» አሉ። የውጤት ወረቀቱ ላይ የማረሚያው ማኅተም ነበረበት፣ @አንቀጽ_በአንቀጽ እንዳልከው በትሕትና ጠየቅኩ፣ በትሕትና አመላለሱኝ፣ አሁን ግን እየተቀየረ ነው። ለተጎዱት ሰዎች ደግሞ ሁለታችንንም የሚያውቁ አንድ ትልቅ ሰው ላክን። ቀኑን ነገሯቸው። ሊያዩት አይፈልጉም። በእነሱ በር እንዳያልፍ ብቻ ጠየቁ። ወንድሜን በጥየቃ ቀን ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ በየት ልሂድ?» አለኝ። በወረቀት ሌላ መንገድ ሣልንለት። በዚህኛው 15 ደቂቃ ይረዝምበታል። እሺ አለ።

መውጫው በአንድ ሳምንት ተገፍቷል። ፊርማ ጎደለ ነው የሚሉት። እናቴ ቀኑን ሙሉ አለቀሰች።

አባቴን ስለ ጥፋቱ አላዋራሁትም። «ጫማ የለውም» ብቻ አልኩት። ዝም አለ። ማታ ልተኛ ስል በር ላይ መጥቶ «ቁጥሩ ስንት ነው?» አለኝ። አላውቅም ነበር፣ ሁለታችንም አናውቅም።

@እናት_ነኝ
አላልኩሽም!

@ጡረተኛው
ቀኑ ሁለተኛ ሊገፋ ይችላል፣ ለእናትሽ ከወዲሁ ንገሪያት። ለልጁም። ቀን ቆጥሮ ያጣ ልጅ በመጨረሻው ሳምንት ጠብ ያነሳል፣ ከዚያ ቅጣት ይጨመርበታል። የሚወስደው መድኃኒት ካለ ደግሞ ቢያንስ የአንድ ወር አስይዘው እንዲሸኙት ጠይቂ። ውጭ ቀጠሮ እስኪያገኝ ያልቅበታል።

@ታላቋ
ወጣ። 12 ቀን ሆነው።

ሁሉንም አልተርክም። በር ላይ የተቀበልነው እኔና አባቴ ነን። አባቴ ጫማውን በካርቶኑ ይዞ ነበር፣ መኪና ውስጥ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነው የመጣው። በሚቀጥለው ጥየቃ ቁጥሩን ጠይቄለት ነበር፣ 41 ነው፣ እሱ ግን 42 ገዛ። ወንድሜ ሲለካው ተረከዙ ይንሸራተታል። አባቴ «ታድጋለህ» አለው። ከ14 ዓመቱ ወዲህ ፊት ለፊት የነገረው የመጀመሪያ ቃል ነው። ካልሲ ደርቦ ነው አሁን የሚያደርገው።

በመጀመሪያው ሌሊት ከ11 ሰዓት በፊት ነቅቼ ጠበቅኩ። @የወጣ_ሰው፣ እንዳልከው ነው። ብርድ ልብሱን አጥፎ ቆሞ ነበር። ምን ሆነሃል አላልኩም። «እኔም እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ቆይቶ እሱም ተቀመጠ። እስኪነጋ ምንም አላወራንም ማለት ይቻላል።

የድሮዎቹ ጓደኞቹ መጥተው ነበር፣ በ3ኛው ቀን። ስልክ አለኝ አላቸው። ግን አብሯቸው ወጣ፣ እስከ 4 ሰዓት አመሸ፣ ደወለ ግን። ያው እፈራለሁ። ከትምህርት በኋላ ያለው ሰዓት ነው ያስቸገረኝ፣ እኔ ከሥራ እስክመጣ ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻውን ነው።

ደግሞ @ጠመኔ የፈራኸው ደረሰ። የክትትል ቀጠሮው ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ነው ተባለ፣ ልክ የሒሳብ ክፍለ ጊዜው ላይ። የተቀበሉት መምህር የእሳቸው ክፍል እኮ ነው። ለክትትል ሰዎቹ ምን ብዬ ልጻፍላቸው?

@ጠመኔ
አለሁ። በቃል አትጠይቂ፣ በጽሑፍ ይሁን። የክፍለ ጊዜውን ፕሮግራም ፎቶ ኮፒ አያይዢ፣ መምህሯ ከሥር ይፈርሙበት። «ማክሰኞ አይመቸንም» አትበዪ፣ የሚመቹ ሁለት ሰዓቶች ጽፈሽ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጡ አድርጊ። ደብዳቤውን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ዛሬ ማታ አየዋለሁ።

@የወጣ_ሰው
ስለ ሁለት ሰዓት ተኩሉ ደግሞ እኔም በውስጥ መስመር ልጻፍልሽ። ሥራ ቦታዬ ሰው የሚፈልግበት ሰዓት ነው። መጀመሪያ እሱን ጠይቂው ግን።